አረብ ቤት፦ በመርካቶ ስደተኛው አሠሪ የነበረበት ዘመን

የአዲስ አበባ አዛውንቶች የሰፈሩን ሱቅ «አረብ ቤት» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ባለሱቁ ጉራጌ ወይም ስልጤ ሆኖ እንኳ ስሙ ሳይለወጥ ቆይቷል። ምክንያቱም በአንድ ወቅት የከተማዋ የችርቻሮ ንግድ ባብዛኛው በየመን አረቦች እጅ ነበር። እነዚያ ሰዎች ለምን ሄዱ? መልሱን ገበያው ብቻውን አይሰጠንም፤ ሕጎቹንም ማንበብ ያስፈልጋል።

ዛሬ ስደተኛ ሲባል ቶሎ የሚታየን ሥራ ፈላጊ ነው። በመርካቶ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ስደተኛው አሠሪ፣ የአገሩ ልጅ ተቀጣሪ። ስለዚህ ሕግ በተለወጠ ቁጥር የሚናወጠው ሁለቱም ነበሩ።

በሩ ሲከፈት

ከዐድዋ ድል በኋላ ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና የመኖች ወደ አዲስ አበባ በብዛት መጡ። ያኔ ዋናው ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከፈረንሳይ ጋር የፈረሙት የክሎቡኮውስኪ ውል ለፈረንሳይ ዜጎች በነፃነት የመነገድ መብት ሰጠ፤ የአብዛኛውን ዕቃ ቀረጥ በ10 በመቶ ወሰነ፤ በክርክርም ጊዜ ቆንስላቸው ከጎናቸው እንዲሆን አደረገ። ሌሎች የአውሮፓ መንግሥታትም ይህንኑ ለራሳቸው ሰዎች ጠየቁ። በእንግሊዝ እጅ ከነበረችው ከኤደን የመጣ የመኒም የእንግሊዝ ቆንስላ ጥላ ነበረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1909፣ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ። ዕቃውም ሰዉም በአንድ ሐዲድ ይገባ ጀመር።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። ከ1928 በኋላ ከተማዋን በዘር ከፍሎ፣ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ አዛወረ። «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን በዚያ ዘመን ራሱን የሙስሊሞች ወዳጅ አድርጎ ያቀርብ ነበር። ሆኖም በምኒልክ ዘመን የተስፋፋውን ትልቁን የሕንድ ሙስሊሞች የንግድ ቤት፣ የመሐመድ አሊን ድርጅት፣ በ1929 ከአገር አባረረ። የሃይማኖት ወዳጅነቱ የጣሊያንን ኩባንያዎች ጥቅም እስኪነካ ድረስ ብቻ ነበር።

ከነፃነት በኋላ መርካቶ ደራ። ከገጠር የወጣው የጉራጌና የስልጤ ወጣት በተሸካሚነትና በሱቅ ረዳትነት አረቡ ዘንድ ይቀጠር፣ ወይም ሱቅ በደረቴ ይዞ ይዞር ነበር። ሒሳቡን፣ ዕቃ ማወቁን፣ የደንበኛ አያያዙን የተማረው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው።

ወረቀት ላይ የቀረው ጥያቄ

ብዙ የመኖች እዚሁ አግብተው ወለዱ። ጥያቄው የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ የማን ዜጋ ነው?

የ1922ቱ የዜግነት ሕግ የውጭ ሰው ለአምስት ዓመት ከኖረና አማርኛ መናገርና መጻፍ ከቻለ ዜግነት እንዲጠይቅ ይፈቅድ ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያዊት የውጭ ዜጋ በሕግ አግብታ የባሏን ዜግነት ካገኘች፣ የራሷን ታጣለች። ከዚህ ጋብቻ የተወለደ ልጅም ኢትዮጵያዊ ለመባል አገር ውስጥ መኖሩንና የአባቱን ዜግነት ፈጽሞ መተዉን ማስረዳት ነበረበት። እናቱ የምታናግረው በአማርኛ ወይም በስልጢኛ ሆኖ፣ መርካቶ ተወልዶ መርካቶ ያደገ ልጅ በወረቀት የውጭ ሰው ሊሆን ይችል ነበር።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሌላ በር ዘጋ። በአንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ ከንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ውጭ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን አይችልም። ይዞ ከተገኘ ለኢትዮጵያዊ እንዲሸጥ ይታዘዛል፤ በስድስት ወር ውስጥ ካልሸጠ ንብረቱ ተይዞ ይሸጣል። ስለዚህ አረቡ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ የቱንም ያህል ቢቆይ፣ ግድግዳው የእሱ የመሆኑ ነገር የሚወሰነው በዜግነት ወረቀቱ ነበር።

በዚያው ዘመን የኤርትራ ጦርነት ተጀመረ። እንደ ሶርያ ያሉ የአረብ መንግሥታት ጀብሃን ስለረዱ፣ እዚህ ያለው አረብ ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን መታየት ጀመረ። ከጦርነቱ ጋር ምንም የማይገናኝ ባለሱቅ ሳይቀር የመንግሥታት ጠብ ዋጋ ከፋይ ሆነ። አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። ይህ አዋጅ የመኒና ኢትዮጵያዊ አልለየም፤ የአገሩ ሰው ግን መሄጃ አልነበረውምና ቀረ። የመናዊው ሄደ። አንዳንዱ ቤተሰብ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ተከፈለ።

ሱቁን ማን ወረሰው?

ትናንት ጆንያ የተሸከመው ወጣት የመርካቶ ባለሱቅ ሆነ። ይህን በሕግ ብቻ ያገኘው አይደለም። ሕጉ ወንበሩን ባዶ ቢያደርግም፣ ለመቀመጥ የሚያስፈልገውን ሙያ ከአሠሪው ቀስሞ፣ ገንዘቡን በዕቁብ አጠራቅሞ ነበር። ሥራ ያልተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ ሱቁ ተዘግቶ ይቀር ነበር።

ሕጉም ቆይቶ ተስተካከለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከእናት ወይም ከአባት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ የውጭ ዜጋ ያገባችም በጋብቻዋ ምክንያት ዜግነቷን አታጣም። ለብዙ ቤተሰቦች ግን ይህ የመጣው መርከቡ ከሄደ ከዓመታት በኋላ ነው።

ዛሬስ?

ዛሬ ያ የመኒ የነበረበት ቦታ ላይ ያለው የእኛ ልጅ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2003 ገደማ «ኒጣቃት» የተባለውን ደንብ አወጣች፤ ድርጅቶችን በቀጠሩት የሳዑዲ ዜጋ ብዛት በቀለም መደበች። ቀይ የወጣበት ድርጅት የውጭ ሠራተኞቹን ፈቃድ ማሳደስ አይችልም። አሠሪው ሠራተኛውን ቢፈልገውም ማቆየት አልቻለም። በ2006 የምሕረቱ ጊዜ ሲያበቃ አፈሳ ተጀመረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። መንግሥታችንም ሕጋዊውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ ብዙዎች ግን በየመን በኩል በባሕርና በበረሃ መሄዳቸውን አላቆሙም።

በመርካቶም በሩ ዳግመኛ እየተከፈተ ነው። በ2016 የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 ለኢትዮጵያውያን ተከልሎ የነበረውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ፣ ገቢና ወጪውንም ጭምር፣ መስፈርቱን ለሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች ፈቅዷል። ነገ ስደተኛ አሠሪ እንደገና ልናይ እንችላለን።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ ከአያቶቻችን ሱቅ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ከባዕድ አሠሪ ሥር ስትሠሩ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ውሰዱ፤ ሕግ ሲለወጥ አብሯችሁ የሚቀረው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ እዚህ ያለው እንግዳ ላይ ሕግ ሲጠብቅ፣ በሪያድና በጂዳ ያለው ወንድማችሁ ይታወሳችሁ። ለእሱ የምንመኘውን ፍትሕ ደጃችን ላለው እንግዳ መንፈግ አይገባንም።