የእድር ገንዘብና ጠባቂዎቹ በቂርቆስና በካዛንቺስ

በአዲስ አበባ መካከል በሚገኙት በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰፈሮች፣ ለትርፍ ያልቆመ የማኅበር ገንዘብ እንዴት ተጠብቆ እንደኖረ ለመረዳት የሚሻ ሰው፣ በረጃጅሞቹ ሕንጻዎች ወደሚገኙት የተራድኦ ድርጅቶች የሒሳብ ክፍል ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ሙታንን ለመቅበርና ሐዘንተኛን ለማጽናናት በችግረኛ መዋጮ የቆመውን እድር ሊመረምር ይገባዋል፤ የገንዘብ ዐቃቢነት ሥርዐት በሕዝቡ መካከል ሥር የሰደደው በእርሱ ነውና።

የእድር አጀማመር በሊቃውንት ዘንድ እስካሁን ያከራክራል። አንዳንዶቹ ከጉራጌ አገር ለንግድና ለሥራ ወደ ከተማው የፈለሱ ሰዎች፣ ከወገን ርቀው ሲሞቱ ቀባሪ እንዳያጡ የመሠረቱት ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ወረራ ዘመን የተስፋፋ መሆኑን ያመለክታሉ። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱ ሐሳቦች አይጣሉም። ካዛንቺስ ራሱ ወራሪው ለመንግሥቱ ሠራተኞች ባሠራቸው ቤቶች ዙሪያ የሰፋ መንደር ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ፣ በቋንቋም በሃይማኖትም የተለያየ ሕዝብ ጎን ለጎን ሰፈረበት። በአገር ቤት ሰውን ከሰው የሚያስተማምነው የሥጋ ዝምድና ነበር፤ በዚህ ግን ጎረቤት የጎረቤቱን አያት ስም እንኳ ስለማያውቅ፣ በዝምድና ፈንታ መዝገብ፣ ደረሰኝና ዋስ አስፈለጉ።

ስለዚህም የአንድ እድር መተዳደሪያ ደንብ ሲነበብ፣ ዳኛው ጉባኤውን እንዲመራና ወጪን እንዲፈቅድ፣ ጸሐፊው እንዲመዘግብ፣ ገንዘብ ያዡ እንዲቀበልና እንዲከፍል፣ ንብረት ክፍሉ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን እንዲጠብቅ፣ ተቆጣጣሪዎቹም የሁሉንም ሥራ እንዲመረምሩ ተደንግጎ ይገኛል። የሚፈቅደው አይከፍልም፤ የሚከፍለው አይመዘግብም፤ የሚመዘግበውም ራሱን አይመረምርም። በመዋጮ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በእሑድ፣ አባሉ ደብተሩን ይዞ ከጠረጴዛው ፊት ይቀርባል፤ ገንዘብ ያዡ ብሩን በፊቱ ቆጥሮ ይቀበላል፤ ጸሐፊው በደብተሩና በባሕር መዝገቡ ላይ በአንድ ጊዜ ይጽፋል፤ የዘገየውም ቅጣቱን ጨምሮ ይከፍላል። ለድንገተኛ ለቅሶ የሚበቃ ጥቂት ገንዘብ በገንዘብ ያዡ እጅ ይቀራል፤ የተረፈው ባንክ ይገባል፤ ከባንክም የሚወጣው ከአንድ ሰው በላይ ሲፈርም ብቻ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከቤተ ክርስቲያን ልማድ ጋር የሚዛመድ ይመስለኛል። ቄሰ ገበዙ ንዋየ ቅድሳቱን ብቻውን እንደ ፈቃዱ አያዝዝበትም፤ የሙዳየ ምጽዋቱም ሣጥን የሚከፈተው በምስክሮች ፊት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ከቲቶ ጋር ሌሎች የተመሰከረላቸው ወንድሞች እንዲያጅቡት ያደረገው፣ በበጎ ሥራው ላይ የሰው ነቀፋ እንዳይደርስበት በማሰብ ነበር። አስተዋይ የእድር ዳኛም በወዳጁ ላይ ተቆጣጣሪ ሲሾም ወዳጁን መጠርጠሩ አይደለም፤ ከሐሜት ይጠብቀዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ትርፍ የማይሻ ማኅበር ምን እንደሆነ ደነገገ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ከንቲባ ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ወርቅነህ እድሮች ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ለሰፈር ልማት እንዲተባበሩ ጣሩ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ሆኖም ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ ለመንገድ ሊውል ይችላልን የሚል ከባድ ጥያቄ አስከተለ። ሰጪው ለአንድ ዓላማ የሰጠውን ያለ ፈቃዱ ለሌላ ማዋል፣ ዓላማው ምንም ቢቀደስ፣ አደራ መብላት ነው፤ ሊፈቅድ የሚችለውም ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ነው። በደርግ ዘመን ቀበሌዎች ሲቋቋሙ የልማቱ ነገር ወደ እነርሱ ዞረ፤ እድርም ወደ ቀብሩ ተመለሰ።

ጥያቄው ዳግመኛ የተነሣው ኤች አይ ቪ የየቤቱን አምድ ባፈረሰበት ዘመን ነው። ቀብር ሲደጋገም የእድር ካዝና ተራቆተ፤ ወላጅ አልባ ሕፃናትም በየደጁ ቀሩ። በዚያን ጊዜ የተራድኦ ድርጅቶች ከአዲስ አበባ እድሮች ጋር መሥራት ጀመሩ፤ ዘመናዊው የሒሳብ ባለሙያና የሰፈሩ ገንዘብ ያዥም በአንድ ጠረጴዛ ተገናኙ። ባለሙያው የበጀት ርእስና የሩብ ዓመት ዘገባ አመጣ፤ ገንዘብ ያዡ ደግሞ የትኛው ሕፃን ከየትኛው አያት ጋር እንደሚያድር ያውቅ ነበር። ሁለቱ ተማምነው ሲሠሩ ገንዘቡ ለተላከለት ደረሰ።

መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 621/2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከመቶ 20 እንዳያልፍ ወሰነ። የመጀመሪያው አዋጅ እድርን ከወሰኑ ውጭ ስለተወው፣ መርማሪዎቹ አባላቱ ራሳቸው ሆነው ኖሩ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻዎች ሲሄድ፣ እንዲህ ዓይነት ማኅበር የሚገጥመው ፈተና እጅግ ከባድ ነው። ካዝናው ይከፋፈል ቢባል፣ አርባ ዓመት ሲያዋጣ ማንንም ያልቀበረው ሽማግሌ፣ ትናንት ገብታ ባሏን በእድሩ ድንኳን ካለቀሰችው ሴት ጋር እኩል ይውሰድን? አይከፋፈል ቢባልስ፣ አባላቱ በተራራቁበት ድንኳኑ በማን ደጅ ይቀመጥ? እኔ ገንዘቡ እንዳይከፋፈል እመክራለሁ፤ መዋጮው የተሰበሰበው ለሚመጣው ሞት ነው፤ የሽማግሌው ቀንም ገና ከፊቱ ነው።