ፒ53ን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል

የሕዋስን ክፍፍል የሚቆጣጠረው ፒ53 የተባለ ፕሮቲን የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። በ1970ዎቹ መገባደጃ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ቤተ ሙከራዎች ኤስቪ40 የተባለ የጦጣ ቫይረስ ጤነኛ ሕዋስን እንዴት ወደ ካንሰር እንደሚለውጥ ያጠኑ ነበር። ቫይረሱ ይህን የሚያደርገው በተለይ ቲ-አንቲጅን በሚባል ፕሮቲን ነው። ዕጢ የበቀለባቸው እንስሳት በዚህ ፕሮቲን ላይ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያመርቱ፣ ከደማቸው የሚወሰደው ሴረም ቲ-አንቲጅንን ለይቶ ለማውጣት ያገለግል ነበር። ሆኖም በወጣ ቁጥር 53 ሺህ ዳልተን ገደማ የሚመዝን ሌላ ፕሮቲን ተያይዞ ይመጣል። በ1979 ዴቪድ ሌን እና ላየነል ክሮፎርድ ለንደን ላይ፣ ዳንኤል ሊንዘር እና አርኖልድ ሌቪን ደግሞ ፕሪንስተን ላይ ይህንኑ በየፊናቸው አሳተሙ። የፕሪንስተኖቹ ፕሮቲኑን ቫይረስ ባልነካቸው የካንሰር ሕዋሳት ውስጥም ስላገኙት፣ የሕዋሱ የራሱ እንጂ የቫይረሱ አለመሆኑ ታወቀ።

ሴረም ግን ለረጅም ጊዜ ሥራ አይመችም። ብዙ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላት ይደባለቁበታል፤ እንስሳው ሲሞት ምንጩ ይነጥፋል፤ ከሌላ እንስሳ የሚቀዳውም ከፊተኛው ይለያል። መፍትሔው ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። ጆርጅ ኮለር እና ሴዛር ሚልስታይን በ1975 ካምብሪጅ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርት የአይጥ ጣፊያ ሕዋስን ያለማቋረጥ ከሚባዛ የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሕደዋል። የአንድ ድቅል ሕዋስ ዘር በሙሉ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ይሰጣል። ኤድ ሃርሎው ከክሮፎርድ ጋር ሆኖ በ1981 ያቀረበው ፒኤቢ421 የዚህ ዘዴ ውጤት ነው። የፕሮቲኑን ጫፍ አካባቢ የሚይዘው ይህ ፀረ እንግዳ አካል ለዓመታት የፒ53 ተመራማሪዎች ዋና መሣሪያ ሆነ።

መሣሪያው ያሳየውን በትክክል ማንበብ ግን አሥር ዓመት ያህል ፈጀ። በዕጢ ሕዋሳት ውስጥ ፒ53 በብዛት ስለታየ፣ ካንሰር የሚያመጣው እሱ ነው ተባለ። በ1989 የሌቪን ቡድን ጤነኛው ፒ53 ሕዋስን ካንሰር ከመሆን እንደሚገታ አሳየ፤ በርት ቮግልስታይን እና ባልደረቦቹም በአንጀት ካንሰር ውስጥ ጂኑ የተጎዳ ወይም የጠፋ ሆኖ አገኙት። ቀድሞ በሙከራ ካንሰር ያመጡት የጂኑ ቅጂዎችም ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ያለባቸው ነበሩ። ጤነኛው ፒ53 በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል፣ የተበላሸው ግን ይከማቻል። ስለዚህ ፀረ እንግዳ አካሉ ጎልቶ ሲያሳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ሥራውን ያቆመውን ነው። ጤነኛውም ቢሆን ዲኤንኤ ሲጎዳ መጠኑ ይጨምራል፤ በ1991 ማይክል ካስታን እና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ያን ጊዜ ሕዋሱ ዲኤንኤውን ከመገልበጡ በፊት ይቆማል።

ወደ ሆስፒታል የገባው ግን ሌላ የፀረ እንግዳ አካላት ትውልድ ነው። የሕሙማን ናሙና በፎርማሊን ታክሞ በፓራፊን ውስጥ ይቀመጣል፣ ይህም ብዙ ፀረ እንግዳ አካላትን ከጥቅም ውጪ ያደርጋል። በ1992 ቦሪቮይ ቮይቴሼክ፣ ሌን እና ባልደረቦቻቸው ካቀረቧቸው መካከል ዲኦ-7 የፕሮቲኑን መነሻ ጫፍ የሚይዝ ሲሆን፣ ናሙናው በሙቀት ከታከመ በኋላ በደንብ ይሠራል። ፒ53 ያለበት ኒውክሊየስ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ሆኖ ይታያል። አንዳንድ ሚውቴሽኖች ግን ፕሮቲኑ ጨርሶ እንዳይመረት ስለሚያደርጉ፣ የዕጢው ሕዋሳት ሁሉ ያለ ቀለም መቅረታቸውም የብልሽት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ይህን ለማለት ግን በዚያው ናሙና ላይ ያሉ ጤነኛ ሕዋሳት ደብዘዝ ያለ ቀለም መያዝ አለባቸው፤ እነሱም ካልቀለሙ ምርመራው እንደገና ይሠራል።