የአማርኛው መጽሐፍ ከየት መጣ?

ወደ ፔታህ ቲክቫ ስትመጡ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሻንጣችሁ ይዛችሁ ከሆነ፣ አንዳንድ ሽማግሌዎች በጥርጣሬ ቢያዩት አትደነቁ። ምክንያት አላቸው።

ቤተ እስራኤል ኦሪትን የሚያውቀው በግዕዝ ነበር። ቄሶቻችን በግዕዝ ያነቡና ለሕዝቡ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይፈቱለት ነበር። ግዕዙም ቢሆን ከግሪክኛ የተመለሰ ነው።

መላውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ነው። ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳዊው ዲፕሎማት ከአስሊን ጋር ለ10 ዓመት፣ ማክሰኞና ቅዳሜ በር ዘግተው፣ ከዐረብኛው ቁጥር በቁጥር እያነበቡ፣ ሲቸግራቸውም ዕብራይስጡን እያዩ ሠሩት። (ቅዳሜ መሆኑ ቄሶቻችንን ደስ ባያሰኝም!) የእጅ ጽሑፉ ከ9,000 ገጽ በላይ ነበር። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1820 ገዝቶ በ1840 ሙሉውን አሳተመው። አቡ ሩሚ ግን ኅትመቱን ሳያይ ሞተ።

በ1860ዎቹ እነ ስተርንና ፍላድ በጎንደር አካባቢ ለቤተ እስራኤል ሲሰብኩ ያሰራጩት ይኸንኑ የአማርኛ መጽሐፍ ነው። ክርክሩ ወንድምን ከወንድም ለየ፤ ጠባሳውም እስከ ዛሬ አለ። እኔ ግን በአማርኛው አልፈርድም። የሀገራችን ሰው የደከመበት ነው፤ ዕብራይስጥ እስክንለምድም ልጆቻችን የሚማሩትን ተናክ እንድንከታተል ይረዳናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ግሪክኛውና ግዕዙ 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ አድርገው ይቈጥራሉ፤ የቀድሞው የአማርኛ እትምም ይህንኑ ቈጠራ ይከተላል። ስለዚህ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት 23ኛውን መዝሙር ይዞ ቢመጣ፣ እናንተ 22ኛውን ግለጡ።