ተመልካቹስ የት ገባ?

የአገራችን የሥዕል ታሪክ በተጻፈ ቁጥር የሠዓሊዎች ታሪክ ሆኖ ይቀራል። እገሌ በዚህ ዓመት ተወለደ፣ ባሕር ማዶ ተሻገረ፣ ተማረ፣ ተመለሰ፣ ሸራውን ወጠረ፣ ተሸለመ። መልካም ነው። ግን ሥዕሉ ተሰቅሎ በሩ ሲከፈት ማን ገባ? ፊት ለፊቱ ቆሞ ምን አለ? ሳይገባው ዝም ብሎ ወጣ ወይስ ተጨቃጨቀ? ይኼ እምብዛም አልተጻፈም። እኛ በየኤግዚቢሽኑ የምንዞር፣ ሥዕል ለመግዛት አቅሙም ሐሳቡም የሌለን ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ ድርሻ ካለን በተመልካችነታችን ብቻ ነውና ነገሩ ይከነክነናል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል። መጻሕፍቱ በዚያ ስለሚቆጥሩ ነው እንጂ የራሳችንን ጠልተን አይደለም።)

ድሮ ተመልካች የሚባል ሰው ለብቻው አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያይ ምእመን ይሳለማል፣ ይጸልያል፣ ለልጁ ታሪኩን ይነግረዋል። «ቀዩ በዝቷል» የሚል ቢኖር እንኳ በሆዱ ነው። ሥዕሉና ሰውየው የሚተዋወቁት በእምነት ነበር፤ ኪነ ጥበብ የሚባለው ስም በመሀላቸው አልገባም።

ፎቶግራፍ ግን በሌላ በር ነው የመጣብን። በ1867 እና በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ ተራራውና ሰፈሩ በዚያን ጊዜ ተነሡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው በ1868፣ ዋይት በሚባለው ደሴት ላይ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አነሣችው። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ፊቱ ላይ ያለውን ሐዘን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ፎቶግራፉ ዛሬ በጥበብ ሥራነቱ ይጠቀሳል፤ በመጻሕፍትም ይታተማል። እንግዲህ አስቡት። ከአገራችን ሰዎች መካከል ቀደም ብሎ በጥበብ ስም ለዓለም ከታዩት ፊቶች አንዱ ከአገሩ የተወሰደ ሕፃን ፊት ነው፤ ተመልካቾቹም እኛ አልነበርንም። ልጁ በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞተ።

በአዲስ አበባ ደግሞ ካሜራው በቤተ መንግሥት በኩል ገባ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር፤ ሙያው ለልጆቻቸው ተላልፎ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቀ። ከቤተ መንግሥቱ ቀስ እያለ ወደ ከተማው ወረደና ፎቶ ቤት ሆነ። ፎቶ ቤትን የማያውቅ የለም። ቅብ መጋረጃ፣ አንድ ወንበር፣ የፕላስቲክ አበባ የተቀመጠበት ጠረጴዛ፣ ለሌለው የሚዋስ ኮትና ክራባት። ባልና ሚስት ቀጥ ብለው ቆመው ይነሣሉ፣ ጓደኛሞች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይነሣሉ፤ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ ያህል» ተብሎ ይጻፍና ለዘመድ ይላካል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ይኼ ሁሉ ፎቶግራፍ የት ነው የታየው? ሳሎን ውስጥ ነዋ! በአንድ ትልቅ የመስተዋት ፍሬም ውስጥ ትንንሾቹ ጉርድ ፎቶዎች በትልቁ የሠርግ ፎቶ ጠርዝ ተሰክተው ተሰቅለዋል። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ አልበም ይሰጠዋል። እንግዳውም ዝም ብሎ አያገላብጥም። «ይቺ ማናት? አባቷን አትመስልም እንዴ!» ይላል። የቤቱ እናት ያስረዳሉ፣ ሟቹ ላይ ሲደርሱ ከንፈር ይመጣል፣ ገጹ ይገለበጣል። በእኛ እምነት በዚህች አገር ከታዩት ኤግዚቢሽኖች ሁሉ ብዙ ሰው ያየው ይኸኛው ነው። መክፈቻ ንግግር የለው፣ የክብር እንግዳ የለው፣ ግን ተመልካቹ አፍ አለው። በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የወጣው መጽሐፍ ከየቤተሰቡ አልበም የተሰበሰቡ የድሮ ፎቶግራፎችን ይዞ ሲመጣ የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰው የራሱን ሳሎን አገኘበት።

የሥዕል ኤግዚቢሽን ግን እንዲህ ቤተኛ ሆኖ አልጀመረም። አፈወርቅ ተክሌ ከእንግሊዝ አገር ትምህርቱ ተመልሶ በ1954 በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሥራዎቹን አሳየ። ማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ተልኮ ሥዕል ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። (ከመካከላችን ቤተሰቡ ሐኪም ይሆናል ብሎ ልኮት ሥነ ጽሑፍ የሚማር ሁሉ ይህን ቢያስታውስ ይጽናናል።) ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከቺካጎ ተምረው የተመለሱት አቶ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ። አገሪቱ ሠዓሊ የሚሠለጥንበት ቤት አገኘች። ተመልካች የሚሠለጥንበት ቤት ግን አልነበረም፤ ተመልካቹ ከተሳላሚነት ወደ ተችነት በአንድ ጊዜ ዝለል ተባለ።

ዝላዩ በጉልህ የታየው በ1963 ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሐረር ልጅ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ ብራና ላይ የሚሥሉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። እሱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እርሻ ማጥናት ጀምሮ ተወው፤ ኋላ ጀርመን አገር ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ። ተመልሶ በ1963 በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቀረበው ኤግዚቢሽን ሰውን ለሁለት ከፈለ። ቅርጹ ከሚታወቀው ቅርጽ የራቀ፣ ቀለሙ ለራሱ የሚናገር ሥዕል ነበር። አንዱ ወገን አዲስ መንገድ ተከፈተ አለ፤ ሌላው ይህ የፈረንጅ ነው፣ ከእኛ ምን አገናኘው አለ። የዚያው ዓመት ሥራው የሆነውን «ጎልጎታ»ን ለሚያይ ሰው ጭቅጭቁ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ስቅለት ነው፣ ማንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ታሪክ፤ ግን ለመሳለም የለመደውን ፊት ፈልጎ ያጣዋል፣ በምትኩ ቀይ ይገጥመዋል። ወይ ይሸሻል ወይ ይቆማል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ሲሰጠው ጉዳዩ የተዘጋ ሊመስል ይችላል። አልተዘጋም። ዛሬም አብስትራክት ሥዕል ፊት «ይኼንንማ ልጄም ይሠራዋል» የሚል አይጠፋም፤ እኛ ደግሞ ይህን የሚል ሰው ዝም ብሎ በትሕትና ጭንቅላቱን ከሚነቀንቀው ይሻላል ባዮች ነን።

እዚህ ጋ የሚያናድደን ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ስለ ሥዕል በቁም ነገር ከተጻፈው ብዙው በእንግሊዝኛ ነው። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ ስለ ገብረ ክርስቶስም ሆነ በ1966 ከፓሪስ ስለተመለሰው እስክንድር ቦጎስያን ያወሳው በእንግሊዝኛ ነበር። ከገብረ ክርስቶስ ጋር የተደረገ ረዘም ያለ ጭውውት በ1969 የወጣው አሜሪካ ውስጥ በሚታተም መጽሔት ላይ ነው። ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ በ2019 ያወጡት፣ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ትልቁን ክፍተት የሞላው መጽሐፍም በእንግሊዝኛ ነው። ጸሐፊዎቹን አንወቅስም፤ ባይጽፉት ኖሮ ይህችም አትገኝም ነበር። ነገር ግን ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ውስጥ የተጨቃጨቁት ሰዎች በአማርኛ ነው የተጨቃጨቁት። ያ አማርኛ የት ሄደ?

ከ1974 በኋላ ሥዕል አደባባይ ወጣ፣ ፖስተር ሆነ፣ ብዙ ዓይን አገኘ። ያ ሕዝብ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰልፍ የመጣ እንጂ በገዛ እግሩ የመጣ አልነበረምና እናልፈዋለን። ገብረ ክርስቶስ አገሩን ትቶ ወጣ፤ በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ ላውተን በምትባል ከተማ ሞተ። ሥራዎቹ ከጀርመን ተመልሰው በ2008 በስሙ በተሰየመው የዩኒቨርሲቲው ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስድስት ኪሎ ገቡ። እርሻ ጥሎ የሄደው ተማሪ በሥዕሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ ማለት ነው። በ2016 ጁሊ ምሕረቱ፣ በሕፃንነቷ ከአዲስ አበባ የወጣችው ሠዓሊት፣ ሥራዎቿን ያሳየችው በዚሁ ሙዚየም ነው።

ፎቶግራፍም ከሳሎን ወጥቶ ጋለሪ ለመግባት ብዙ ቆየ። አይዳ ሙሉነህ አዲስ ፎቶ ፌስትን በ2010 ሲጀምሩ ፎቶግራፍ ራሱን ችሎ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይበት ትልቅ አጋጣሚ ተፈጠረ። በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት ታዝበናል። ሥዕል ፊት የቆመ ሰው «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅና ያፍራል። ፎቶግራፍ ፊት የቆመው ግን «ይኼ የት ነው? ማነው?» ብሎ ይጀምርና አያቆምም፤ ስለ ብርሃኑ ይናገራል፣ «እዚህ ጋ ቆርጦታል» ይላል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ይከራከራል። ለምን ቢሉ፣ በአልበም ሠልጥኗላ! በቡና ሰዓት የተማረውን ነው ይዞ የመጣው።

ሚካኤል ፀጋዬ የተማሩት ሥዕል ነው፤ የዘይት ቀለም ለጤናቸው አልስማማ ብሎ ወደ ካሜራ ዞሩ። ካነሷቸው መካከል በአዲስ አበባ መካነ መቃብሮች የመቃብር ድንጋይ ላይ የተለጠፉ የሟቾች ፎቶግራፎች ይገኙባቸዋል፤ የተሰነጠቁ፣ ፀሐይና ዝናብ የበላቸው ፊቶች። እነዚያ ሰዎች ፎቶ ቤት ሄደው ክራባት አስተካክለው የተነሡት ለቤተሰብ ነበር። መጀመሪያ ሳሎን፣ ቀጥሎ መቃብር፣ በመጨረሻ ጋለሪ። በየደረጃው ተመልካቹ ይለወጣል፤ ከሚያውቃቸው ወደሚያለቅስላቸው፣ ከሚያለቅስላቸው ወደማያውቃቸው። እኛ ሦስተኛዎቹ ነን።

ስለ መዞሩ ጉዳይ ብዙ አንልም። አሊያንስ ከ1907 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ፒያሳ ወረድ ማለት ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ሉሲን አይቶ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው፤ ከላይ ፎቅ የተሰቀሉትን ሥዕሎች ሳያይ። መካኒሳ ያለው ዞማ በ2019 ሲከፈት በጭቃና በጭድ የተሠራውን ግድግዳ ራሱን ለማየት ሄደናል። የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ሲመረቁ የሚያሳዩትን የሚያህል ግን አናውቅም፤ እኩያህ የሠራውን ስታይ ትቀናለህ፣ ቅናት ደግሞ ጥሩ ተመልካች ያደርጋል። የመክፈቻ ቀን ለወይኑ የሚመጡ አሉ ይባላል። አዎ፣ አለን። በር ላይ «መጥሪያ አላችሁ?» ብሎ የሚመልስ ዘበኛም አጋጥሞናል፤ በማግስቱ ስንሄድ ማንም አልጠየቀንም፣ አዳራሹም ባዶ ነበርና ሥዕሎቹን ለብቻችን አየናቸው።

የምንፈራው ሌላ ነው። ኤግዚቢሽን ሲያልቅ ምስማሩ ይነቀላል፣ ግድግዳው ኖራ ይቀባል፣ የአስተያየት መዝገቡ የት እንደሚገባ እግዜር ይወቅ። ሥዕሉ ይቀመጣል፤ ስለ ሥዕሉ የተባለው ግን ከሰው ጋር ይሄዳል። በ1963 ሃያ ዓመት ሆኖት የገብረ ክርስቶስን ኤግዚቢሽን ያየ ተማሪ ዛሬ ሰማንያን አልፏል። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ እንዲህ ያሉ አባት ወይም እናት ካሉ፣ የሚጠየቁት ብዙ ነው። ከማን ጋር ሄዱ? በእግር ነው በአውቶቡስ? የትኛው ሥዕል ፊት ነው ሰው የተሰበሰበው? ማን ሳቀ? የሳቀውን ማን ተቆጣው? ሠዓሊው እዚያ ነበር? እርስዎስ ያን ዕለት ማታ ዶርም ሲመለሱ ምን ብለው አወሩ?