ሕዝብ የቆለፈው ካዝና

እ.ኤ.አ. በ1998 የካሊፎርኒያ መራጮች በአንድ ፓኬት ሲጋራ ላይ 50 ሳንቲም ታክስ ጨመሩ። የጨመረው ምክር ቤቱ ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ ነው። እዚያ ዜጎች ከ1911 ጀምሮ ፊርማ አሰባስበው ሕግ ማቅረብና በድምፃቸው ማጽደቅ ይችላሉ። ፕሮፖዚሽን 10 የተባለው ይህ ሕግ ገንዘቡን ከእርግዝና እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት አዋለው። በ2004 ደግሞ ፕሮፖዚሽን 63 ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ገቢ ላይ 1 በመቶ ግብር ጥሎ ለአእምሮ ጤና መደበ።

ከዚያ የ2008ቱ ቀውስ መጣ። የግዛቱ ካዝና በአስር ቢሊዮኖች ጎደለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሕግ አውጪዎቹም ዓይናቸውን በእነዚህ ሁለት ገንዘቦች ላይ ጣሉ። ደግነቱ መጀመሪያ ጠየቁ። ግንቦት 2009 ላይ «ከሁለቱም ጥቂት እንውሰድ?» ብለው ለሕዝቡ አቀረቡ። ከሦስት መራጮች ሁለቱ ያህሉ እምቢ አሉ። በዚያው ቀን ያለፈው አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፦ በጀት ሲጎድል የባለሥልጣናት ደመወዝ እንዳይጨመር የሚከለክለው። መልእክቱ ግልጽ ነው።

በ2011 ግን ምክር ቤቱ ሕዝቡን ሳይጠይቅ ከሕፃናቱ ገንዘብ 1 ቢሊዮን ዶላር ለመውሰድ ሕግ አወጣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፕሮፖዚሽን 10 በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊሻሻል ይችላል፤ ማሻሻያው ግን የሕጉን ዓላማ የሚያግዝ መሆን አለበት። የፍሬዝኖ ዳኛ ይሄኛው አያግዝም ብለው ሻሩት።

እሺ፣ የሕግ አውጪዎቹም ክርክር ባዶ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጇ የሕክምና ድጋፍ ለተቀነሰባት እናት፣ የአራት ዓመት ልጆች ፈንድ ውስጥ የተጠራቀመ ገንዘብ አለ ብትላት ምን ይጠቅማታል? ድንገተኛ ችግር ምርጫ እስኪደርስ አይጠብቅም። ሕዝብም ሲያጸድቅ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን አያውቅም።

ቢሆንም መልሱ ቁልፉን ለሕግ አውጪዎቹ መስጠት አይደለም። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ በእኛ ሥራ ለውጥ የሚያቀርበውና ለውጡን የሚያጸድቀው አንድ ሰው እንዳይሆን እንጠነቀቃለን። የሚያቀርበው ሰው ሌባ ስለሆነ አይደለም፣ ስለሚቸኩል ነው። መራጭ «ለሕፃናት» ብሎ የተቀበለው ታክስ ለሌላ ቀዳዳ መድፈኛ ከዋለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የትኛውንም ታክስ አምኖ አይቀበልም።

ሕዝብ ደግሞ ሁልጊዜ እምቢ አይልም። መጋቢት 2024 የአእምሮ ጤናው ገንዘብ 30 በመቶው ለመኖሪያ ቤት እንዲውል ተጠየቀ። ግማሽ በመቶ በማይሞላ ልዩነት አለፈ። በነባሮቹ አገልግሎቶች የሚረዱ ብዙዎች ተከፍተዋል፤ ግን የወሰነው ያው ታክሱን የጣለው ሕዝብ ነው።