ሳህናው

በድሬ ዳዋው ታይዋን ገበያ ባለፍሁ ቁጥር፣ ከተደረደረው ዕቃ ሁሉ ቀድሞ ዓይኔን የሚይዘው ሳህና ነው። እናቴ በየክረምቱ ሁልበት መረቅ ሞልታ ወደ ወዳጆቿ የምትልከኝ ከዚያ በገዛችው ሳህና ነበርና።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ የሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ፣ ሽቅብ መውጣቱ ከበደውና ቆመ፤ ድሬ ዳዋም በዚያ ተወለደች። አያቴን ከደጋ አውርዶ ከዚራ ያሰፈረው የምድር ባቡር ሥራ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ በመጋላ በኩል፣ ሐረሪው፣ ሶማሌውና ዐረቡ ይነግዱ ነበር። እናቴ ወንዙን ተሻግራ የሁልበትን ሙያ ከአንዲት ሐረሪ ወይዘሮ ተማረች፦ አብሹን መዘፍዘፍ፣ ምሬቱ እስኪወጣ በውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ነጭ አረፋ እስኪሆን መምታት፣ በመጨረሻም በትኩሱ የሥጋ መረቅ ላይ ማፍሰስ።

ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ነፍስ አጠፋ። ወይዘሮዋም አልተረፉም። እናቴ ያን ክረምት አብሽ በእጇ አልነካችም። በዓመቱ ግን ዘፈዘፈች፤ ሳህናውንም አስይዛ ወደ ልጆቻቸው ላከችኝ። ቀምሰው ዝም አሉ። ኋላ ታላቂቱ፣ «የእማዬ ነው» አለች።

የድሬ ዳዋን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሐዲዱ ይጀምራል። እኔ ግን ከሳህናው እጀምራለሁ፤ ያን ዕለት ባዶውን አልተመለሰም፤ ትኩስ ሳምቡሳ ነበረበት።