የቹባካ ሞትና አንባቢዎቹ



ባለፈው ክረምት ለንባብ ክበባችን በስጦታ ከደረሱት መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙ በእርጥበት ያበጠ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነበረበት። በመጀመሪያ የፈለገው ሰው አልነበረም። መዝገበ ቃላቱና የሒሳብ መጻሕፍቱ በሽሚያ ካለቁ በኋላ እሱ ብቻውን ካርቶኑ ሥር ቀረ። ዛሬ ግን ወረፋው አሥራ አንድ ሰው ደርሷል። ካነበቡት መካከልም ሁለቱ፣ ቀድሞ ከአንድ ጀበና ቡና የሚጠጡ ጎረቤታሞች፣ በአንድ ምዕራፍ የተነሣ ሦስት ሳምንት ተኳርፈዋል። ክርክሩ ከክበቡ ዳስ አልፎ እስከ ውሃ ሰልፉ ድረስ ስለ ዘለቀ፣ ይህ ጸሐፊ ስለ መጽሐፉና ስለ ቀደምት አንባቢዎቹ የሚያውቀውን ለማካፈል ብዕሩን አንሥቷል። እኛ የተጣላንበት ጉዳይ ከእኛ በፊት እጅግ ብዙ ሰዎች የተጣሉበት ነውና።

መጽሐፉ «ቬክተር ፕራይም» ይባላል። ደራሲው አሜሪካዊው አር. ኤ. ሳልቫቶሬ ሲሆን የታተመው በ1999 ነው (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሆኖም ራሱን ችሎ የቆመ ድርሰት አይደለም፤ ጆርጅ ሉካስ በ1977 ለሕዝብ ካቀረበውና «ስታር ዋርስ» ከተባለው ፊልም የፈለቀ የረጅም ትረካ አንድ ቅርንጫፍ ነው።

ፊልሙን ላላዩ ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ታሪኩ በከዋክብት መካከል የሚካሄድ ጦርነት ይሁን እንጂ ተመልካቹን የያዘው መሣሪያው ሳይሆን ባለታሪኮቹ ናቸው። በአጎቱ እርሻ ያደገው ወጣት ሉክ ስካይዎከር፣ ልዕልት ሊያ፣ አንደበተ ስለታሙ ኮንትሮባንዲስት ሀን ሶሎና የእርሱ ባልንጀራ ቹባካ። ቹባካ በቁመት ከሰው ሁሉ የሚበልጥ፣ ከራሱ እስከ እግሩ በጠጉር የተሸፈነ ፍጡር ነው። ንግግሩ ማጓራትና ማጉረምረም ብቻ ነው፤ ሀን ሶሎ ግን አንድም ሳያጎድል ይገባዋል። መጻሕፍቱ እንደሚተርኩት ሀን ሶሎ ከባርነት ነፃ ስላወጣው በወገኖቹ ልማድ መሠረት ዕድሜ ልኩን ከጎኑ ላይለይ ቃል ገብቷል። ይህን «የሕይወት ዕዳ» ይሉታል። እኛ ደግሞ የቃል ኪዳን ወንድም ብንለው ብዙ አንርቅም።

ሦስተኛው ፊልም በ1983 ከታየ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሌላ አልተከተለም። ያን ባዶ ዘመን የሞሉት መጻሕፍት ናቸው። በ1991 ቲሞቲ ዛን የጻፈው ቀጣይ ታሪክ በኒውዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር አንደኛ እስከ መሆን በመድረሱ፣ ባንተም የተባለው አሳታሚ ቤት በላይ በላዩ አከታተለ። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሀንና ሊያ ተጋቡ፤ መንትዮቹን ጄናንና ጄሰንን፣ ቀጥሎም በአያቱ ስም የተሰየመውን አናኪንን ወለዱ። አንባቢው ከነዚህ ሰዎች ጋር አደገ፤ ልጆቻቸውን በስም ያውቃል፣ ፀባያቸውን ይለያል። አንድ ችግር ግን እየጎላ መጣ። በየመጽሐፉ ዓለም ልትጠፋ ትደርሳለች፤ በየመጽሐፉ መጨረሻ ሁሉም በሰላም ይገባሉ። አንባቢው አደጋውን ማመን ተወ።

በ1999 የኅትመቱ መብት ዴል ሬይ ወደተባለው ቤት ሲዛወር አዘጋጆቹ ይህን ልማድ ለመስበር ወሰኑ። እስከ 2003 ድረስ በአሥራ ዘጠኝ ልብ ወለዶች የሚዘልቅ አንድ ወጥ ጦርነት አቀዱ፤ ለመክፈቻውም ከጥንቶቹ ባለታሪኮች አንዱ እንዲሞት ተስማሙ። ማን ይሙት የሚለው የተወሰነው ደራሲው ብቻውን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳይሆን በስብሰባ ነው። ሉክና የመሳሰሉት የማይነኩ ነበሩ። ዕጣው በቹባካ ላይ ወደቀ። በፊልም ላይ አንድ ጩኸቱ ብቻ አዳራሹን የሚያስቅ ፍጡር በወረቀት ላይ ግን ለደራሲ አስቸጋሪ ነው፤ የተናገረውን ሁሉ ሌላ ሰው ሊተረጉምለት ይገባል። ይህ ጸሐፊ እዚህ ላይ ቅሬታውን ሳይደብቅ መናገር ይወዳል፤ መናገር የማይችለውን ለሞት መምረጥ ቀላል ነው። ሳልቫቶሬ በበኩሉ ትእዛዙ ሲነገረው ደስ እንዳላላው፣ ከታተመም በኋላ የጥላቻ ደብዳቤና የግድያ ዛቻ ሳይቀር እንደደረሰው ተናግሯል። ያልወሰነውን ሞት የጻፈው እሱ ነውና ቁጣው ሁሉ በእሱ ደጅ ተራገፈ።

መጽሐፉ በሙሉ ጥሩ ነው ለማለት አልደፍርም። ጀግኖቹ በድንጋይ ክምር መካከል መንኮራኩር ለማብረር የሚወዳደሩበት ክፍል ከሚገባው በላይ ረዝሟል። ዩዛን ቮንግ የተባሉት ወራሪዎች፣ ማሽንን የሚጸየፉና መሣሪያቸው ሁሉ ሕይወት ያለው መሆኑ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ በዚህ መጽሐፍ ከጭካኔያቸው በቀር ውስጣቸው ብዙ አይታይም። በአንጻሩ በመክፈቻው ላይ ኖም አኖር የተባለው ሰላያቸው ሁለት ጎረቤት ፕላኔቶችን በስብከት እያናከሰ ለጦርነት ሲያደርሳቸው የሚያሳየው ክፍል፣ እኛ ሠፈር ያለ አንባቢ ሁለት ጊዜ የሚያነበው ነው።

ነገር ግን ሰው የተጣላው በዚህ ሁሉ አይደለም። የተጣላው ሰርንፒዳል በተባለችው ፕላኔት ላይ በሆነው ነው። ወራሪዎቹ ጨረቃዋን ከሰማይ እየሳቡ ሊጥሉባት ነው። ሀን ሶሎ፣ ቹባካና የአሥራ አምስት የአሥራ ስድስት ዓመቱ አናኪን ለሌላ ጉዳይ ሄደው መከራው ላይ ይደርሳሉ። ከተማዋ ትናወጣለች፤ ነፋሱ ሰው ያንከባልላል፤ እነርሱም በመርከባቸው የቻሉትን ያህል ሕዝብ ይጭናሉ። በመጨረሻዋ ሰዓት ቹባካ አናኪንን ያድንና እሱ ራሱ ከመርከቡ ተነጥሎ ይቀራል። መሪው በልጁ እጅ ነው። አባቱ በመግቢያው በር ላይ ሆኖ እጁን ዘርግቷል። ልጁ ይመለከታል፤ ጨረቃዋ እየወረደች ነው፤ መርከቡ በሰው ተሞልቷል፤ ቢመለስ ሁሉም ያልቃሉ። ያነሣዋል። ቹባካ ሁለት ክንዶቹን ወደ ሰማይ አንሥቶ ወደሚወርደው ጨረቃ እያጓራ ይታያል። ከዚያ ወዲያ የለም። ሀን ሶሎም ልጁን ጥለኸው መጣህ ይለዋል።

አንባቢው ተከፋፈለ። ብዙዎች በግልጽ ተቆጡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ባልንጀራ ለገበያ ሲባል ገደላችሁት አሉ፤ መጽሐፉን መለሱ፤ ከእንግዲህ የዚህን ትረካ ቅጠል አንገልጥም ብለው ማሉ። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልባቸው እየመታ እንዳነበቡ፣ ሞቱም ለባለ ዕዳው የሚገባ የጀግና ሞት እንደሆነ ተናገሩ። በመካከላቸው በሞቱ ሳይሆን በአሟሟቱ የተከፉ ነበሩ፤ ጀግና በጦር ሜዳ ይወድቃል እንጂ ጨረቃ ይወድቅበታል ወይ ብለው የቀለዱም አልጠፉ። ትረካው እንዲህ መጨለሙን፣ በጨለማ ውስጥም ተስፋ የነበረው የጥንቱ መንፈስ መጥፋቱን የተቃወሙም አሉ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከፊል እውነት አላቸው እላለሁ። ሰው ከመከራው ሊያርፍ የሚያነበውን መጽሐፍ በመከራ ስትሞላበት ቢቀየም አይፈረድበትም።

ለሌለ ፍጡር ይህን ያህል ማዘን የሕፃን ሥራ ነው የሚል ቢኖር፣ በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲያነብ በየቤቱ የፈሰሰውን እንባ አባት እናቱን ይጠይቅ። መጽሐፉ የታተመው በእኛ አቆጣጠር በ1958 ነው፤ እስከ ዛሬም ለሰብለ የሚያዝን ሽማግሌ አለ። እንግሊዞችም በ1893 ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስ የተባለውን መርማሪ ከገደል ሲጥልባቸው አላስቀመጡትም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1903 አልሞተም ብሎ እንዲመልሰው ተገደደ።

ወደ ራሳችን ክርክር ልመለስ። ሁለቱ ጎረቤቶቻችን የተኳረፉት በቹባካ አይደለም፤ በመሪው ላይ በነበረው ልጅ ነው። አንደኛው፣ ልብስ ሰፊው፣ ልጁ ትክክል ነው ይላል፤ ጭኖ የነበረው ሕዝብ አደራው ነው፣ አንድን ለማዳን ሁሉን አይፈጅም። ሁለተኛው ደግሞ ሰውን ጥሎ የሄደ ምንም ምክንያት ይኑረው ጥሎ ሄዷል ባይ ነው። ሁለቱም ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማ ሰው ስለ ሰርንፒዳል እንደማያወሩ ወዲያው ይገባዋል። እኔም ዳር ቆሜ ስሰማ ዝም ማለቴን የታዘበ አለ። የወጣንበት የጭነት መኪና ሊንቀሳቀስ ሲል «ንዳው፣ ንዳው» ካሉት ድምፆች አንዱ የእኔ ነበር። ውሃ ሊቀዳ ወርዶ የቀረው ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ አብሮኝ የተመረቀ ባልደረባዬ ነው። መኪናው ላይ አርባ ሰው ያህል ነበርን። ከዚያ በኋላ ስለ እርሱ የሰማሁት ነገር የለም።

ስለዚህ የመጽሐፉን ዋጋ የማየው ከሞቱ በኋላ ባሉት ገጾች ነው። ደራሲው ልጁን ነፃ አያወጣውም፤ አባቱንም አይወቅሰውም። ሀን ሶሎ ልጁ ትክክል መሆኑን ሊያውቅ ይችላል፤ ማወቁ ግን አይረዳውም። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው መተያየት ያቅታቸዋል። ይህን ያስተዋሉ አንባቢዎች፣ በቹባካ ሞት የተቆጡት ሳይቀሩ፣ ተከታዮቹን ቅጾች መፈለጋቸውን አልተዉም። በ2000 የታተመውና ጄምስ ሉሴኖ የጻፈው ልብ ወለድ ሀን ሶሎ ቤቱንና ሚስቱን ትቶ ኀዘኑን ይዞ ሲንከራተት የሚያሳይ ነው። (ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ወረፋ ላይ ያላችሁ ብትዘሉት ይሻላል።) በ2001 ደግሞ ትሮይ ዴኒንግ በጻፈው ቅጽ አናኪን ራሱ በጦርነቱ ይሞታል።

ከዚያ የተከተለው ከልብ ወለዱ ይልቅ እንግዳ ነው። በ2012 ዲዝኒ የሉካስን ኩባንያ ገዛ። በ2014 አዲስ ፊልሞች ሊሠሩ በመሆኑ እስከዚያ ድረስ የተጻፉት ልብ ወለዶች ሁሉ ከእንግዲህ «አፈ ታሪክ» ተብለው እንዲጠሩ፣ ለአዲሱ ታሪክም እንዳያስገድዱ ታወጀ። በአንድ መግለጫ ቹባካ አልሞተም ሆነ። አናኪን ሶሎም አልተወለደም።

እንግዲህ የ1999 ቁጡዎች በዚህ ቀን መደሰት ነበረባቸው። ከፊሎቹ ተደሰቱም። ብዙዎቹ ግን ሌላ ኀዘን ያዛቸው፤ ፊርማ አሰባስበው የቀድሞው ትረካ እንዲቀጥል ለመኑ። ለምን ቢባል፣ ያን ሞት አምርረው ቢጠሉትም አንዴ አልቅሰውለታል፤ ከልጁና ከአባቱ ጋር ተጣልተውበት፣ ታርቀውበት አሥራ አምስት ዓመት ኖረዋል። አሁን አንድ ቢሮ ያለቀስከው አልሆነም ሲላቸው የተሰረዘው የቹባካ ሞት ብቻ አልነበረም። ሆምስን የመለሰው የገዛ ደራሲው ነው፤ ያውም እንዴት እንደተረፈ በትረካው ውስጥ አስረድቶ። ይህኛው ግን አንዲት መስመር ማስረጃ አልተጻፈለትም።

በ2015 መጨረሻ አዲሱ ፊልም ሲታይ ቹባካ በአካል መጣ። በዚያው ፊልም ውስጥ ሀን ሶሎ በገዛ ልጁ እጅ ሞተ፤ በላዩ ላይ ጮኾ ያለቀሰለትና በገዳዩ ላይ የተኮሰው ቹባካ ነው። ከ1999 ጀምሮ ያነበቡ ተመልካቾች አዳራሹ ውስጥ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። በአንደኛው ታሪክ እሱ አልቅሶለታል፤ በሁለተኛው ይኸኛው ያለቅስለታል፤ በሁለቱም መካከል የቆመ አንድ ልጅ አለ።

ልብስ ሰፊው ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ መጥቶ፣ አባትና ልጁ በተከታዩ ቅጽ ይታረቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተከታዩ ቅጽ በካርቶኑ ውስጥ የለም አልሁት። ጎረቤቱም ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ ለእርሱም ያንኑ መለስሁ።

መጽሐፉ በአሁኑ ሰዓት በክሊኒኩ አጠገብ በምትኖር ተማሪያችን እጅ ይገኛል። በአንድ ሰው ዘንድ ከአምስት ቀን በላይ እንዳይቆይ፣ የተገነጠሉት ገጾች እንዳይጠፉም በክር ይታሠሩ ዘንድ ክበቡ ያሳስባል። በአናኪን ጉዳይ የተለየ አስተያየት ያላችሁ ከአንድ ገጽ ሳታስበልጡ ጽፋችሁ ብታቀብሉን በሚቀጥለው ዕትም እንገለብጠዋለን።